ኖብልስ ካውንቲ፦ መስመሩ ቀድሞ፣ ሰዉ ተከትሎ

የአሜሪካን ካርታ ዘርግቶ የመካከለኛውን ምዕራብ ግዛቶች የሚያይ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚይዘው የካውንቲዎቹ ቅርጽ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት ወንዝና ተራራ ተከትለው ይጠማዘዛሉ። የአዮዋና የደቡብ ሚኒሶታ ካውንቲዎች ግን በማስመሪያ የተሰመረ የሂሳብ ደብተር ይመስላሉ። ካውንቲ በአገር ቤት አነጋገር ለወረዳ የሚቀርብ አስተዳደር ነው፤ የራሱ ሸሪፍ፣ ፍርድ ቤት፣ የመሬት መዝገብና የመንገድ ሥራ ክፍል አለው። ሚኒሶታ 87 ካውንቲዎች አሏት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከእነሱ አንዱ፣ በግዛቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከአዮዋ ጋር የሚዋሰነው ኖብልስ ካውንቲ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው ኖብልስ ይደርሳል። ስፋቱ 1,870 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 22,290 ሰው ተመዝግቦበታል፤ ከዚህ ውስጥ 13,947ቱ የሚኖሩት በዋና ከተማው በወርዚንግተን ነው። የቀረው በአድሪያን፣ በኤልስወርዝ፣ በዊልሞንት፣ በብሩስተርና በሌሎች ትናንሽ ከተሞች፣ እንዲሁም በየማሳው መካከል ተራርቀው በቆሙ የገበሬ ቤቶች ተበትኖ ይኖራል። በበጋ በቆሎና አኩሪ አተር አገር ምድሩን ይሸፍኑታል። በክረምት ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም።

ምድሩ ሜዳ ይምሰል እንጂ ሜዳ ብቻ አይደለም። በበረዶ ዘመን የገፋው የበረዶ ግግር እየጎተተ ያመጣውን ድንጋይና አፈር እዚህ አራግፎ ሄዷል። በስተምሥራቅ ኦካቢና፣ ኦቺዳ፣ ግርሃም እና ኢንዲያን የሚባሉትን ሐይቆች ትቷል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሐይቁ ይጠፋል፤ ጎረቤቱ ሮክ ካውንቲ በሐይቅ ብዛት በሚታወቀው ግዛት ውስጥ አንድም የተፈጥሮ ሐይቅ ከሌላቸው አራት ካውንቲዎች አንዱ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የውሃው መለያያ ነው። ኖብልስ ላይ ከወረደው ዝናብ ከፊሉ በምሥራቅ ጅረቶች ወደ ሄሮን ሐይቅና ወደ ደ ሞይን ወንዝ ገብቶ ሚሲሲፒን ይቀላቀላል። ከፊሉ ደግሞ በካናራንዚ ጅረትና በሊትል ሮክ ወንዝ አድርጎ ወደ ሚዙሪ ይወርዳል። ሁለቱ ውሃዎች ተመልሰው የሚገናኙት ሴንት ሉዊስ አጠገብ ነው።

የመሬቱ የቀድሞ ባለቤቶች ዳኮታዎች ናቸው። የረጅም ሣር ሜዳውን ያድኑበት ነበር፤ ከሐይቆቹ ዓሣና ወፍ ያገኙ ነበር፤ ጎሽ ተከትለው ይጓዙበት ነበር። በሐምሌ 1851 በትራቨርስ ደ ሱ፣ በነሐሴም በሜንዶታ በተፈረሙ ሁለት ውሎች የደቡብ ሚኒሶታን አብዛኛውን ክፍል ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ። ዋጋው ለአንድ ኤከር ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ ከዚያውም ብዙው በነጋዴዎች ዕዳ ስም ተቀንሶ ቀረ። በ1862 የበጋ ወራት የሚከፈላቸው ገንዘብ ዘግይቶ፣ ረኃብ ጸንቶባቸው ጦርነት ተነሣ። ስድስት ሳምንት ያህል ቆየ። በታኅሣሥ 26 ቀን 1862 በማንኬቶ ከተማ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ፤ በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የጅምላ ስቅላት የለም። በማግሥቱ ዓመት ኮንግረስ ውሎቹን ሰርዞ ዳኮታዎች ከሚኒሶታ እንዲባረሩ አወጀ። የኖብልስን ታሪክ ከባቡሩ መምጣት የሚጀምር ሰው ይህን ምዕራፍ ዘሎ ነው።

ካውንቲው በሕግ የተፈጠረው በ1857 ነው። ስሙን ያገኘው ከዊልያም ኖብልስ ነው። ኖብልስ የሚኒሶታ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ ከፎርት ሪጅሊ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ሳውዝ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ የሚያቀና የሠረገላ መንገድ እንዲቀይስ ገንዘብ የተመደበለት ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ካውንቲው በወረቀት ላይ ድንበርና ስም ነበረው፤ ነዋሪ ሰፋሪ ግን አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1870 አስተዳደሩ ሲቋቋም እንኳ የተቆጠረው ሰው 117 ነበር።

መሬቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው። መሠረቱ የ1785 የመሬት ድንጋጌ ነው። ቀያሾች 66 ጫማ ርዝመት ያለውና 100 ቀለበት የተቀጣጠለበት የብረት ሰንሰለት ይዘው ሣሩን እየጣሱ ይሄዳሉ። ሰንሰለቱ 80 ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ማይል ይሞላል። በየግማሽ ማይሉና በየማይሉ ምልክት ይተክላሉ፤ ምልክት የሚቀረጽበት ዛፍ በሌለበት እንደ ኖብልስ ባለ ሜዳ ደግሞ እንጨት ቸክለው ዙሪያውን አፈር ይቆልሉበታል። ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነው ካሬ ታውንሺፕ ይባላል፤ ኖብልስ በትክክል ሃያ አለው፣ አምስት በአራት። እያንዳንዱ ታውንሺፕ 640 ኤከር ስፋት ባላቸው 36 ሴክሽኖች ይከፈላል። 16ኛውና 36ኛው ሴክሽን ለትምህርት ቤት መደገፊያ ይቀመጣሉ። የሴክሽን ሩብ 160 ኤከር ነው፤ በእኛ የድሮ መለኪያ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ይህንኑ ሩብ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጠው ነበር።

ዛሬ በኖብልስ የገጠር መንገድ የሚሄድ ሰው የሚነዳው በእነዚያ ቀያሾች መስመር ላይ ነው። በየማይሉ መስቀለኛ መንገድ ያገኛል። ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ አንዳንድ ቦታ ሳይታሰብ ወደ ጎን ታጥፎ እንደገና ይቀጥላል። ምድር ክብ ስለሆነች ወደ ሰሜን የሚሄዱ መስመሮች እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ቀያሾቹም ስሕተቱ እንዳይከማች በየተወሰነው ርቀት መስመሩን ያርሙት ነበር። የዚያ እርማት ምልክት በአስፋልቱ ላይ ቀርቷል።

ሰው ያመጣው ባቡር ነው። ሴንት ፖልን ከሱ ሲቲ የሚያገናኘው ሐዲድ በካውንቲው ሲያልፍ፣ ለእንፋሎት ሞተሩ ውሃ የሚቀዳበት ጣቢያ በኦካቢና ሐይቅ ዳር ተተከለ። በ1871 ራንሰም ሂዩሚስተን የተባለ የኦሃዮ ሰው እና የቶሊዶ ብሌድ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ኤ. ፒ. ሚለር ናሽናል ኮሎኒ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ሐሳባቸው መጠጥ የማይሸጥበት፣ የማይጠጣበት የአማኞች ከተማ መመሥረት ነበር። ከተማው ወርዚንግተን ተባለ፤ ስሙ ከሚለር ባለቤት ቤተሰብ የተወሰደ ነው። በሚያዝያ 1872 መጨረሻ የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ሰፋሪዎቹን አደረሰ። መጠጥ ያልተከለከለ የመሰላቸው ወጣቶችም አብረው ወርደዋል። ሂዩሚስተን የቢራ በርሜል በመጥረቢያ ሰብሮ እንዳፈሰሰ፣ ወጣቶቹም ባዶውን በርሜል በሙዚቃ አጅበው እንደቀበሩት የከተማው ታሪክ ይተርካል።

የመጀመሪያው ክረምት የመጣው ሰው ቤቱን ሳይጨርስ ነው። እንጨት ብርቅ ስለነበር ብዙዎቹ ሣሩን ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ግድግዳ ሠሩበት። ለማገዶ ድርቆሽ እየጠመዘዙ ያነዱ ነበር። በጥር 7 ቀን 1873 ማለዳው ለክረምት ለስላሳ ሆኖ ዋለና በድንገት የበረዶ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ሦስት ቀን ዘለቀ፤ በሚኒሶታ 70 ያህል ሰው ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ በኖብልስ የሱወርድ ታውንሺፕ ሰፋሪ ጆን ዌስተን ነበር። አስከሬኑ የተገኘው በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ ነው።

በዚያው ዓመት በጋ ደግሞ አንበጣው ወረደ። አንበጣ ምን እንደሚያደርግ የአማርኛ አንባቢ አያጣውም። ይህኛው ከሮኪ ተራሮች ግርጌ የሚነሣ ዝርያ ነበር፤ ቡቃያውን ከጨረሰ በኋላ የፈረስ ዕቃና ልብስ ሳይቀር ይቀረጥፍ ነበር። አንድ ጊዜ በልቶ ቢሄድ ሰው በታገሠው። ግን እንቁላሉን መሬት ውስጥ ጥሎ ስለሚሄድ በሚቀጥለው ጸደይ ከገበሬው ዘር ጋር አብሮ ይበቅላል። ከ1873 እስከ 1877 ድረስ ኖብልስ፣ ጃክሰን፣ ሙሬና ሮክ ካውንቲዎች ክፉኛ ተጎዱ። ገበሬው ሬንጅ የተቀባ ቆርቆሮ በፈረስ እየጎተተ አንበጣውን ሊያጣብቅ ሞከረ። የግዛቱ ገዢ ጆን ፒልስበሪ ሚያዝያ 26 ቀን 1877 የጸሎት ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያው በጋ አንበጣው ተነሥቶ ሄደ። ያ ዝርያ ከዚያ ወዲህ እየመነመነ መጥቶ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1902 ነው። ዛሬ በምድር ላይ የለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የጠፋበት ዋና ምክንያት የሚራባባቸው የተራራ ሥር ሸለቆዎች ታርሰው መስኖ ስለገባባቸው ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰፋሪ በእነዚያ ዓመታት ተስፋ ቆርጦ ጥሎ ሄዷል። ከናሽናል ኮሎኒ ሕልምም ብዙው አብሮ ሄደ። ባዶውን የሞሉት ሌሎች ናቸው። የሴንት ፖሉ ጳጳስ ጆን አየርላንድ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ተዋውለው በምዕራብ ሚኒሶታ የካቶሊክ መንደሮች ሲያቋቁሙ፣ ከእነሱ አንዷ አድሪያን ነበረች፤ አይሪሾችና ጀርመኖች ሰፈሩባት። ሆላንዶች ሊዮታ ላይ ተሰባሰቡ። ኖርዌጂያኖችና ስዊድኖችም መጡ። በ1880 የነበረው 4,435 ሕዝብ በ1900 ወደ 14,932 አደገ። መጠጥ የጠሉት የኮሎኒው ሰዎች ባቀዱት ካውንቲ ውስጥ ቢራ ጠማቂ አገር የለቀቁ ካቶሊኮች ገበሬና ነጋዴ ሆነው ተቀመጡ፤ ልጆቻቸውም እርስ በርስ ተጋቡ።

ይህን ጥቁር አፈር ለም ያደረገው ሣሩ ነው፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሥሩ እየበሰበሰ አዳበረው። ነገር ግን ረግረጉ ብዙ ስለነበር ማረሻ የማይገባበት ቦታ ሰፊ ነበር። መፍትሔው ከመሬት በታች ተቀበረ። ገበሬዎች ከሸክላ የተሠሩ ቱቦዎችን አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ቦይ እየደረደሩ ቀበሩ። ውሃው በመጋጠሚያው እየሰረገ ገብቶ ወደ ተቆፈረ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ጅረት ይወርዳል። አሁን የፕላስቲክ ቱቦ ተተክቶበታል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ምርት በዚህ ምክንያት አደገ። በሌላ በኩል በሚኒሶታ ከነበረው የተፈጥሮ ሣር ሜዳ ዛሬ የቀረው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ማዳበሪያውም ከውሃው ጋር ይሄዳል። አድሪያን በጉድጓድ ውሃዋ ውስጥ ናይትሬት በዝቶ ማጣሪያ ለመትከል የተገደደች ከተማ ናት።

የካውንቲው ሕዝብ በ1960 እስከ 23,365 ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ትራክተሩ እየገዘፈ፣ እርሻው እየሰፋ፣ ገበሬው እያነሰ መጣ። በ1980ዎቹ የመሬት ዋጋ ወድቆ የባንክ ወለድ ሲንር ከአባት የተወረሰ እርሻ በሐራጅ ተሸጠ። በ1990 የተቆጠረው ሰው 20,098 ብቻ ነበር። ጎረቤት ሙሬ ካውንቲ መንገዱን ቀጥሎበት በ1940 ከነበሩት 15 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች በ2020 የቀሩት ከ8 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ኖብልስ ግን ከ1990 በኋላ በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ አድጓል። ልዩነቱን የፈጠረው በወርዚንግተን ምሥራቃዊ ዳር የሚገኘው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካው በ1960ዎቹ በአርሞር ኩባንያ ተከፈተ። ኋላ ስዊፍት ያዘው፤ ከ2007 ጀምሮ የብራዚሉ ጄቢኤስ ነው። በቀን 20 ሺህ ያህል አሳማ የማረድ አቅም አለው፤ ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ ያሠራል። ሥራው ከባድ ነው። ሠራተኛው በብርድ ክፍል ውስጥ ጫማውን ከእርጥብ ወለል ላይ ተክሎ፣ ቢላዋ ይዞ፣ በሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ላይ የሚመጣለትን አንድ ዓይነት ብልት በሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ይቆርጣል። እንግሊዝኛ ብዙ አይጠየቅም። ስለዚህም በመጀመሪያ ከላኦስ የተሰደዱ ቤተሰቦች፣ ከዚያም ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ፣ በኋላም ከበርማ የመጡ የካረን ሰዎች ሥራ አገኙበት። ሰው ሰውን ጠራ። በትልቅ ከተማ የቤት ኪራይ የከበደው ስደተኛ ለዘመዱ ደውሎ እዚያ ሥራ እንዳለ ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ዛሬ ከወርዚንግተን ነዋሪ ነጭ የሆነው ከግማሽ በታች ነው።

ይህ ለውጥ ያለ ጭንቅ አልመጣም። በታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የፌዴራል የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በስድስት ግዛቶች ያሉትን የስዊፍት ፋብሪካዎች በአንድ ማለዳ ወረሩ። በድምሩ ወደ 1,300 የሚጠጋ ሰው ተያዘ፤ ከወርዚንግተን ብቻ ከ200 በላይ። በዚያ ቀን እናትና አባት ከሥራ ሳይመለሱ ቀርተው ልጆች በዘመድና በጎረቤት እጅ አደሩ። በሚያዝያ 2020 ደግሞ ኮቪድ በፋብሪካው ውስጥ ተዛምቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ታመሙ፤ ፋብሪካው ተዘጋ። ለእርድ የደረሰ አሳማ የሚወስድለት ያጣው ገበሬ ማስገቢያ ጠበበው፤ ፋብሪካው ለጊዜው የተከፈተው አሳማዎቹን ገድሎ ለማስወገድ ነበር። በዚያን ሰሞን የካውንቲው ሁለት ዓለማት፣ ማለትም በማሳው ላይ ያለው ሽማግሌ ገበሬና በቢላዋው ሥር ያለው ስደተኛ፣ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ለሁሉም ታየ።

ሌላው ሙግት በትምህርት ቤት ዙሪያ ነው። ከስደተኞቹ ጋር ልጆቻቸው፣ ከመካከለኛው አሜሪካም ያለ ወላጅ የመጡ ታዳጊዎች ሲጨመሩ ክፍሎቹ ጠበቡ። ለአዲስ ሕንፃ በመሬት ግብር የሚከፈል ብድር ይፈቀድ እንደሆነ ሕዝቡ ከ2013 ጀምሮ ተጠየቀ፤ አምስት ጊዜ ውድቅ አደረገው። የተቃወሙት ሁሉ በስደተኛ ጥላቻ የተነሡ አልነበሩም። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ የግብሩን ብዙ ድርሻ ስለሚሸከም የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ የሚያሳስበው ነገር ነበር። ጥላቻም ግን አልጠፋም። በኅዳር 2019 ስድስተኛው ድምፅ በጠባብ ልዩነት አለፈ።

ካውንቲው አሁንም አንዳንድ ነገር ከሩቅ ያስመጣል፤ አንዳንድ ነገርም ወደ ሩቅ ይልካል። የወርዚንግተን ጉድጓዶች በድርቅ ዓመት ውሃቸው ስለሚሸሽ፣ ከ2018 ጀምሮ ከተማው በደቡብ ዳኮታ ከቨርሚሊየን አጠገብ ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ከርሰ ምድር የሚቀዳ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ያገኛል። ሰፋሪዎቹን ያስጨነቀው ነፋስ ደግሞ ዛሬ ኤሌክትሪክ ይሠራል። በ2010 የኖብልስ የንፋስ ኃይል ማመንጫ በ134 ተርባይኖችና በ201 ሜጋዋት አቅም ሥራ ጀመረ። በ2020 ደግሞ 250 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሌላ ተጨመረ። ተርባይን የቆመበት መሬት ባለቤት ከበቆሎው ሌላ የኪራይ ገቢ ያገኛል።

የዚህ ካውንቲ የመጀመሪያ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ በአርተር ሮዝ ተዘጋጅቶ በ1908 ታትሟል። አውሎ ነፋሱን፣ አንበጣውንና ባቡሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ የተናገሩትን በመያዙ ዛሬም ተፈላጊ ነው። ከሥጋ ፋብሪካው ጋር የመጣው ትውልድ ታሪክ ግን ለዚያ የሚመጥን መጽሐፍ ይገባዋል፤ ጊዜውም አሁን ነው። በ1990ዎቹ በሃያ ዓመታቸው ቢላዋ የጨበጡት ሰዎች ጡረታ እየደረሱ ነው። ልጆቻቸው በወርዚንግተን ትምህርት ቤት ተምረው ነርስ፣ መምህርና የሱቅ ባለቤት እየሆኑ ነው። የወላጆቹ ምስክርነት በእስፓንኛ፣ በላኦ፣ በካረን፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በአማርኛ ነው ያለው። በየቤቱ ስልክ ላይ መቅጃ አለ፤ የሚጠይቅ ልጅም አለ። የካውንቲው ታሪክ ማኅበርም የሰፋሪዎቹን ደብዳቤ እንደሚያኖር ሁሉ እነዚህንም ተቀብሎ ቢያኖር፣ ስለ ኖብልስ የሚጻፈው ቀጣይ መጽሐፍ ከነባሩም ከመጤውም አፍ የተሰማውን ይይዛል።